ግራው ይደክማል

ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን 2005

ዛሬ በጥፊ ተመታሁ። መጀመሪያ ይህ ይጻፍ፤ ሌላው ይደርሳል።

የመታኝ አቶ ላቀው ነው፣ የትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህር። ቦታው የቤተ ሙከራው በር ላይ፣ ሰዓቱ የሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ደወል እንደተደወለ። ምክንያቱ ትናንት በግምገማው ላይ እጄን አውጥቼ መናገሬ። ያልኩት ይኸው ነበር፦ "ለፊዚክስ ቤተ ሙከራ የመጡት ሰባት ሣጥኖች ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይከፈቱ ተቀምጠዋል። በሪፖርቱ ግን በተግባር ላይ ውለዋል ተብሏል። ሪፖርቱን የፈረሙት አቶ ላቀው ናቸው።" አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ብዙዎች ሳሉ።

ዛሬ መንገዴን ዘግቶ ቆመ። "አንቺ ነሽ እኔን የምታስገመግሚኝ?" አለኝ። "ሣጥኖቹን ይክፈቷቸው፣ እኔም ዝም እላለሁ" አልኩት። ያኔ ሰነዘረ፣ በቀኝ እጁ፣ በመዳፉ ሙሉ። በረንዳው ላይ ሁለት መምህራን ቆመው ነበር። ቀና ስል የሉም።

አላለቀስኩም። አሥረኛ ሲ ገብቼ ስለ ሞገድ አስተማርኩ። ጆሮዬ ትንሽ ጮኸ። ያልፋል።

ለምን መልሼ አልመታሁትም?

እሑድ፣ የካቲት 17

ከቅዳሴ መልስ ወንዳወቅ ሱቅ። የፍኖተ ሰላም ሰው እሑድ ኳስ ያያል፤ እኛ ሦስታችን ማዳመጫ እናወዳድራለን። ወንዳወቅ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ ነው፣ ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ። ባዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፣ ዛሬም ማኅሌት አያመልጠውም። እዚያ ቤት እኔን እፀገነት ብሎ የሚጠራኝ የለም። "ሚዛኗ" ነኝ። ሁለቱ በድምፅ ከተጣሉ የሚፈርደው የእኔ ጆሮ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ዛሬ ዘጠኝ ማዳመጫ ነበር። ንጉሡ "ዳቦ" ነው፦ ባሕር ዳር ከተዘጋ የቀረጻ ቤት የመጣ፣ ጆሮ ሙሉ የሚሸፍን፣ ስፖንጁ አልቆ ወንዳወቅ በበግ ሌጦ የለበጠው። "ንብ" ከስልክ ካርቶን ውስጥ በነጻ የሚወጣው ነው፤ ለምን ንብ እንደተባለ የሰማ አይጠይቅም። "ጉርሻ" ጆሮ ውስጥ ተገፍቶ የሚገባው። የራሳችን ቃላት አሉን። ከበሮውን ከታች የሚያሰማ "ሥር አለው" ይባላል። ጸናጽሉን ለይቶ የሚያወጣ "ብራ ነው"። የታፈነ ከሆነ "ጉም ይዞታል"።

የዛሬው ጠብ መንገድ ላይ በምን ይሰማ የሚል ነበር። ባዬ ካሴት ማጫወቻውን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ መጥቷል። "ሁለት ድንጋይ አጉርሼው ሳምንት ሙሉ ገጠር እዞራለሁ። የእናንተ ስልክ ጂጋ ሳይደርስ ይሞታል።"

"ያንተ ካሴት ከዘፋኙ ይልቅ ሞተሩ ይሰማል" አለው ወንዳወቅ። "ወፍጮ ቤት ተሸክመህ ነው የምትዞረው።"

እኔ በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁትን ትንሿን ኤምፒስሪ አወጣሁ። ከስልክ የምትበልጠው በዘፈኑ አይደለም፣ በዝምታው ነው። ክራሩ ሲያርፍ ከኋላ የሚንሾካሾክ ነገር የላትም።

መፈተኛችን ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ባዬ ጥር ሃያ አንድ የቀረጸው ማኅሌት። ሁለት ማይክ ያለው መቅጃ ይዞ በሁለቱ ሰልፍ መካከል ቆሞ ነው የቀረጸው። የቀኝ ሰልፉ በቀኝ ጆሮ፣ የግራ ሰልፉ በግራ ጆሮ ይገባል። አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። ጥሩ ማዳመጫ ሁለቱን እኩል ያቆማቸዋል፤ መጥፎው አንዱን ያስቀድማል።

ዳቦን አጠለቅሁና ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፦ ሥሩ እንደ ወትሮው። ብራ። ግራው ይደክማል።

"ግራው?" አለ ወንዳወቅ። "ትናንት ደህና ነበር እኮ።" መበየጃውን አሙቆ ሽቦውን ፈትቶ እንደገና በየደው። ሰማሁት። ያው ነው። "ስፒከሩ አርጅቷል" አልኩ።

"ሚዛኗ ካለች አርጅቷል" አለ ባዬ፣ ከእኔ ጋር ተከራክሮ አያውቅም።

ወንዳወቅ ሚያዝያ ላይ ቡሬ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ፣ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ነው። ኢርፎን ብቻ። ዕቃውን የምመርጠው እኔ፣ ተማሪውን የማሳምነው እኔ፣ ቀስ በቀስም ከዚያ ትምህርት ቤት የምወጣው እኔ። ግን ተባርሬ አይደለም የምወጣው። መጀመሪያ አቶ ላቀው ይቀጣል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

በእሱ ላይ የክስ ማመልከቻ አስገባሁ። ሦስት ገጽ። የመዝገብ ቤቷ ሴት ተቀበለችና "እህቴ፣ አስበሽበታል?" አለችኝ። ቁጥር ስጪኝ አልኳት።

አብራኝ የምትኖረው ሠርክአዲስ ነርስ ናት። "ሐኪም ይይሽ። ትኩስ ሳለ ማስረጃ ያዢ" ትላለች። ምን ይይልኝ? ጥፊ ነው። የመታኝ ሰው ጎድቻታለሁ ብሎ ደስ እንዲለው? ሆስፒታል በር ላይ ተሰልፌ እንዲያዩኝ? አልሄድም።

እሑድ፣ የካቲት 24

ትልቅ ቀን ነበር። ወንዳወቅ ከቡሬ ነጋዴ አራት ዓይነት የኢርፎን ናሙና ይዞ መጣ። ከአራቱ አንዱ ሙሉ ካርቶን ይገዛል። የሱቁ መክፈቻ ነው፣ ቀልድ የለም። አንድ ሰዓት ያህል ሰማሁ። ማኅሌቱን፣ አንድ የመሲንቆ ቅጂ፣ የሴት ድምፅ ብቻውን።

አንደኛው፦ ሥር አለው፣ ግራው ይደክማል። ሁለተኛው፦ ጉም፣ ግራው ይደክማል። ሦስተኛው፦ ብራ፣ በጣም ብራ፣ ግራው ይደክማል። ያሳዝናል። አራተኛው፣ ሰማያዊው፣ በትክክል መሀል ላይ። ሁለቱ ሰልፎች ፊት ለፊት ተያይተው ቆሙልኝ። ደስ ብሎኝ ልጮህ ነበር፤ ዐሥር ቀን እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም።

"ሰማያዊው" አልኩ።

ባዬ ሰማያዊውን አድርጎ ፊቱን አጨፈገገ። "እኔን ወደ ግራ ጎተተኝ" አለ።

"አንተ ካሴት ለምዶብህ ነው።"

"ይሆናል" አለ። ወንዳወቅም "ሚዛኗ ተናግራለች፣ አበቃ" ብሎ ሦስቱን መለሰ።

ሐሙስ፣ የካቲት 28

መምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ቆመ። ከመቆሙ በፊት የደረሰኝ፦ "አፏ ነው ያስመታት።" የተናገረችው ሴት ናት፣ የአንድ ለአምስታችን ጠርናፊ። በረንዳው ላይ የነበሩት ሁለቱ "ደወል ሰምተን ገብተን ነበር፣ አላየንም" ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል።

ተማሪዎቼ ኋላ ተቀምጠው ማጉተምተም ጀምረዋል። ወደ መስኮቱ በኩል ያሉት በተለይ። ድምፃችሁን አውጡ ብዬ ተቆጣሁ። አንዷ "ጮኼ እኮ ነው የምናገረው፣ ቲቸር" አለች። ድፍረታቸው ከላይ የወረደ ነው፤ ምክትሉ የመታትን መምህርት ማን ያከብራል?

ትራሴ ላይ ቢጫ ነገር ደርቋል። ቅባት ይሆናል። ሠርክአዲስ ጨርቁን ይዛ ወደ ብርሃን ወሰደችው፤ ነጠቅኋት። ግቢያችን ካለው ጤና አዳም አንድ ቅንጣቢ ቀጥፌ ጆሮዬ ላይ ሰክቻለሁ። ለሽታው ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

የዲሲፕሊን ኮሚቴ። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጾም የያዘው ፊት። አቶ ላቀው ማዶ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። "ገሠጽኳት እንጂ አልመታኋትም። እጄ ነክቷት ከሆነ አላስታውስም" አለ።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። "በሰውነትሽ ላይ የደረሰ ጉዳት አለ? አሁን የሚያምሽ፣ የጎደለብሽ ነገር?"

አቶ ላቀው ቀና አለ። ያን ጊዜ ያየሁትን ፊት እስክሞት አልረሳውም። ፈርቶ አልነበረም። ሊሰማ ጓጉቶ ነበር። ምን ያህል እንደጎዳኝ ማወቅ ፈልጓል።

"እንደዚህ ያለ እጅ እኔን አይጎዳኝም" አልኩ። "ሙሉ ነኝ። የመጣሁት ስለ ጉዳት አይደለም፣ ስለ ሕግ ነው።"

ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ሰፈረ፦ "አመልካች ምንም ዓይነት ጉዳት እንዳልደረሰባት በራሷ አንደበት አረጋግጣለች።" አንብቤ ፈረምኩ።

ሠርክአዲስ ስነግራት ልብስ ታጥብ ነበር፤ እጇን ከሳፋው አወጣች። "ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ?"

"ደስ አላሰኘሁትም።"

"እሱማ አሁን ነው ደስ ያለው" አለችኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 8

ሽማግሌ መጣ። የእናቴ ወንድም አያ አብተው ከማንኩሳ፣ ሁለት የሠፈር ሽማግሎች፣ እና አቶ ላቀው ራሱ። ጾም ገብቷል፣ ቂም ይዞ መጾም ከንቱ ነው ብለው አያ አብተው አስቀድመው ልከውብኝ ነበር። እሺ አላልኩም። ግን አጎቴን ከበር አልመልስም።

ሽማግሎቹ ግቢው ውስጥ ከግራር ሥር በቀኜ ተቀመጡ። እሱ በግራዬ በኩል ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ ገባ። ድንጋዩ የሁለት ብርቱካን ያህል ነው። አጎንብሶ ቆመ። ዝም። እኔም ዝም። ጫማውን አያለሁ፤ አዲስ ጫማ ነው።

"በይ እንግዲህ ልጄ" አሉ አያ አብተው።

"ምን ልበል?"

"ይቅር ለእግዚአብሔር በዪዋ! ድንጋዩን አስወርጂው።"

"ምን አለና ነው ይቅር የምለው?"

ሽማግሎቹ ተያዩ። አንደኛው "ኧረ በስማም! ይቅርታ ጠየቀሽ እኮ!" አሉ።

"አልሰማሁም። ደግሞ ይበለው።"

እሱ ቀና አለ፣ ድንጋዩን በእጁ ደግፎ። "ሦስት ጊዜ አልኩ" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ። "ሦስት ጊዜ! ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?"

አያ አብተው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። ያን ያህል ሲያፍሩ አይቻቸው አላውቅም። "በሰው ፊት አልሰማሁም ይባላል? እኔን አላሳፈርሽኝም፣ እናትሽን ነው" አሉኝ። በበሩ ሲወጡ ለሌሎቹ "ልቧን እግዜር ያለስልስላት" ሲሉ ግን ጥርት ብሎ ተሰማኝ። በቀኜ በኩል ነበር የሚያልፉት።

አቶ ላቀው ምንም አላለም። ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ ይሆናል። ሰው ሦስት ጊዜ ተናግሮ አንዱ እንኳ አይሰማም? አዛውንቶቹ ሸፍነውለት ነው። አያ አብተውም ሸፈኑለት። እኔ የገዛ አጎቴ ውሸታም ነው እያልኩ ነው ወይ? እያልኩ ነው።

እሑድ፣ መጋቢት 15

ቡሬ ከታሰበው ቀድሞ፣ ማክሰኞ ተከፍቶ ነበር። ዛሬ ወንዳወቅ ካርቶን ይዞ ተመለሰ። ሠላሳ ሁለት ሰማያዊ ኢርፎን። ተማሪዎቹ መልሰውለታል። አንዱ ልጅ ምን አለው? "ወንድሜ፣ ይሄ ግራው ይጮኻል፤ የሰው ጆሮ ሊበሳ ነው።"

ወንዳወቅ እኔን አላየኝም። ካርቶኑን ከጠረጴዛው ሥር ገፋውና የአንድ ሬዲዮ ሆድ መክፈት ጀመረ። 

ባዬ ከካርቶኑ አንዱን አንሥቶ ሰማ። አወረደና አየኝ። "እቱ" አለኝ፣ እንዲህ ጠርቶኝ አያውቅም፣ "እስቲ ገልብጠሽ አድርጊው። የቀኙን በግራ።"

"ለምን እገለብጣለሁ? ግራና ቀኝ የተጻፈበት ለምንድን ነው?"

"ዝም ብለሽ፣ ለእኔ ብለሽ።"

"ሁሉም ካርቶን አንድ አይደለም። ናሙናው ደህና ነበር። ነጋዴው ናሙና አሳይቶ ሌላ ነው የሰጠው።"

"እሺ" አለ ባዬ። እሺ ያለበትን አባባል ጠላሁት። በሽተኛ እሺ እንደሚባለው።

ወጣሁ። ምሳ አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ፊዚክስ የተማርኩት ለዚህ ነው።

በምሳ ሰዓት ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በሩን ዘጋሁ። መጀመሪያ ማኅሌቱን በጉርሻ ሰማሁ። የቀኝ ሰልፉ ቅርብ ነው፣ የዘንጉ መሬት መምታት ሁሉ ይሰማል። የግራ ሰልፉ ከወንዝ ማዶ ያለ ይመስላል። ከዚያ ገለበጥኩ። የግራ ሰልፉ መጣ! ቅርብ፣ ብራ፣ የአንዱ ሽማግሌ ሳል ሳይቀር። የቀኝ ሰልፉ ግን ወንዙን ተሻግሮ ሄደ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩትን እጽፈዋለሁ፣ አላፍርም። ማዳመጫው ሁለቱም ጎኑ ተራ በተራ ይበላሻል ማለት ነው አልኩ። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፣ በዲግሪ የተመረቅሁ ሴት።

ሰባቱ ሣጥኖች ከግድግዳው ሥር ናቸው። በሦስተኛው ላይ የተጻፈውን አውቀዋለሁ፦ የድምፅ ሞገድ ማመንጫና ኦሲሎስኮፕ። የተመታሁባቸው ዕቃዎች። ማኅተሙን በቁልፌ ቀደድኩ። ማመንጫውን ከኢርፎኑ ጋር አገናኘሁ፣ የኦሲሎስኮፑን ሁለት ገመዶች ለሁለቱ ጎኖች። ስክሪኑ ላይ ሁለት አረንጓዴ ሞገዶች ወጡ። ቁመታቸው እኩል። ቆጥሬ፣ ለክቼ፣ እኩል። አንዱን ኢርፎን በግራ ጆሮዬ ያዝኩና ድምፁን ቀስ በቀስ ጨመርኩ። ሞገዱ ስክሪኑን ሊሞላው ደረሰ። በቀኝ ጆሮዬ ያን ያህል ቢሆን ወርውሬው ነበር።

ሁለት ዓመት ሣጥን ውስጥ የቆየ መሣሪያ ነው፣ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል።

አይደለም። አልተዛባም። አዲስ ነው።

የሣጥኖቹን መዝገብ የያዘው የንብረት ክፍሉ ሰው በሩን ሲከፍት ኢርፎኑ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነበር። የተቀደደውን ማኅተም አየ። እኔን አየ። "ማን ፈቀደልሽ?" አለ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ለሠርክአዲስ ነገርኳት። አልተቆጣችም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች። ሐኪሙ በመብራት አየና እሷን ጠራት፤ ሁለቱ አጠገቤ ቆመው በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ፣ የማልሰማ ይመስል። ታምቡሩ ተቀዷል። መግል ይዟል፣ ውስጥ ድረስ። በመጀመሪያው ሳምንት ብትመጪ ኖሮ ይደፈን ነበር አለ። አሁን መድኃኒት ይሰጣል፤ መስማቱን ግን ለመናገር ባሕር ዳር መሄድ አለብሽ፣ እዚያም ቢሆን ብዙ ተስፋ አልሰጥሽም። ጤና አዳሙንም አየው። "ይሄን ማን ነው የከተተው?" አለ።

ወረቀቱ ላይ፦ "የቆየ የታምቡር ቀዳዳ። መንስኤውን በእርግጠኝነት ለመግለጽ ጊዜው አልፏል።"

"ጥፊ ነው ብለህ ጻፍ" አልኩት።

"እኔ ጥፊውን አላየሁም፣ እህቴ።"

እሱም አላየም። ማንም አላየም።

ዓርብ፣ መጋቢት 27

ሁለት ደብዳቤ ወጣ። ለአቶ ላቀው፦ ከሠራተኛ ጋር ለሚኖረው ግንኙነት ጥንቃቄ እንዲያደርግ ማሳሰቢያ። ለእኔ፦ የመንግሥት ንብረት ያለፈቃድ በመክፈት፣ በሽማግሌ የቀረበላትን ዕርቅ በመግፋት፣ የሥራ ባልደረቦችን በማወክ ጥፋተኛ ሆና ተገኝታለች። ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ከሽንዲ አልፎ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛውራለች። መብራት የለውም። መኪና የሚገባው በበጋ ብቻ ነው።

ሣጥኖቹ ተከፍተው ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተሰደረ። ከዞን ጎብኚ መጥቶ ነበርና አቶ ላቀው ራሱ አስጎበኘ። ኦሲሎስኮፑን "እየሠራንበት ነው" ሲል ሰማሁት። በቀኜ ሰማሁት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 6

ወንዳወቅ ሱቅ ሄድኩ። ሁለት እሑድ ቀርቼ ነበር። ቆሜ ተናገርኩ፣ ከተቀመጥኩ የምተወው መስሎኝ። "ሰማያዊውን የመረጥኩት ጆሮዬ ስለሞተ ነው። ነጋዴው አላታለለህም። የመለስካቸው ሦስቱም ደህና ነበሩ። ዳቦም አላረጀም።"

ወንዳወቅ መበየጃውን አስቀመጠ። "የቡሬውን ሱቅ ለቅቄያለሁ" አለ። "ተማሪ አንዴ ከሸሸ አይመለስም።" ቀጥሎ ቶሎ ብሎ፦ "ባንቺ አይደለም። ኪራዩም ከብዶ ነበር።"

"በእኔ ነው።"

"እሺ፣ ባንቺ ነው" አለ። አመሰገንኩት። ከሆስፒታሉ ቀን ወዲህ ሳያባብለኝ የተናገረኝ እሱ ብቻ ነው።

ባዬ አዲስ ነገር ይዞ ነበር፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ማዳመጫ። እነሱ ተቀባበሉት። ወንዳወቅ ሥር የለውም አለ፣ ባዬ አለው አለ። ወትሮ እዚህ ላይ ሁለቱም ወደ እኔ ይዞራሉ። ባዬ ሊዞር ጀምሮ ተወው። ከዚያ ነውር መሰለውና "አንቺስ? እስቲ ስሚው" ብሎ ሰጠኝ። አደረግሁት። ደህና ነው አልኩ። "ደህና ነው አለች" አለ ባዬ፣ ወንዳወቅም "ደህና ነው" አለ፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀድሞ ደህና ነው ብቻ ብል ሥሩስ፣ ብራነቱስ እያሉ አንድ ሰዓት ይጠይቁኝ ነበር።

ኤምፒስሪዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ሽጠው አላልኩም፣ ያዘው አላልኩም። መንገድ ላይ ባጃጅ በግራዬ መጥቶ ለጥቂት ሳተኝ። ሹፌሩ ጡሩንባ ነፍቻለሁ እያለ ሰደበኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 16

የወረዳው ቅሬታ ሰሚ። የመጨረሻዬ ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚሰማ አካል ቢኖርም እኔ የምደርስበት አይደለም። ሠርክአዲስ እስከ በሩ ሸኘችኝ። "የሐኪሙን ወረቀት አስቀድሚ። አትቆጪ። ተጎድቻለሁ በዪ፣ አንድ ቃል ናት" አለች።

ክፍሉ ረጅም ነው። አምስት ሰዎች በአንድ ወገን ተደርድረዋል፤ ለእኔ የቀረበልኝ ወንበር ከግድግዳው ጥግ ነበር፣ ሁሉም በግራዬ እንዲውሉ ሆኖ። ተቀመጥኩ። አቶ ላቀው ከአምስቱ ጀርባ ተቀምጧል፣ ለምን እንደተጠራ አላውቅም። ወረቀቱን ሰጠሁ። ከእጅ እጅ ዞረ። ሰብሳቢዋ ሴት ናቸው፤ ተስፋ አድርጌ ነበር። የመጋቢት አራቱን ቃለ ጉባኤ አውጥተው ፊርማዬን አሳዩኝ።

"ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው።"

"ሙሉ ነኝ ብለሻል።"

"ዋሽቻለሁ።"

"ለምን?"

"እሱ እያየኝ ነበር።"

ጸሐፊው ይህን አልጻፈውም። ብዕሩን አየሁት፣ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ከመጨረሻው ወንበር ያለው ሰው አንድ ነገር ጠየቀ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ይጠብቃሉ። አንደኛው ፈገግ አለ። ሰብሳቢዋ ለጸሐፊው፣ እንዲሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም በል" አሉ። ይኸኛው ተጻፈ።

ተነሣሁ። "በዚህ ጆሮዬ አልሰማም" አልኩ። በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። "ያደነቆረኝ ሰው ከኋላችሁ ተቀምጧል። ጥያቄ ካላችሁ በቀኜ በኩል ሆናችሁ ጠይቁኝ።"

የተነሣ የለም። እሱ ጫማውን ያያል።

ወንበሬን አነሣሁ። የብረት ወንበር ነው፣ ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት የሚያወጣው ድምፅ ያስጠላል፣ እሱን ሰማሁት። ክፍሉን አቋርጬ፣ ከአምስቱም ፊት አልፌ፣ እስከ ሌላኛው ጥግ ድረስ ወሰድኩት። አሁን ሁሉም በቀኜ ሆኑ። ተቀመጥኩ፣ ቀሚሴን አስተካከልኩ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

"አሁን ጠይቁኝ" አልኩ።

ሰብሳቢዋ ፋይሉን ዘጉት። ወረቀት ሲሰበሰብ፣ ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ፣ አንዱ ሌላውን ምሳ የት ነው ሲለው፣ ሁሉንም አጥርቼ ሰማሁ። የጠየቀኝ ግን አልነበረም።